ረቡዕሽ 32 ሰዓት ነው

ይድረስ ለውድ እናቴ፤ ጎንደር

እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ቪዛው ከተመታልሽ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ባለፈው በስልክ «ለመሆኑ ስንት ቀን ነው መንገዱ?» ስትይኝ መስመሩ ስለተቋረጠ ይኸው በወረቀት ልንገርሽ። የምታነብልሽ እህቴም ቁጥር ቁጥሩን እንዳትዘልብሽ።

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎንደርና አዲስ አበባን በመኪና 8 ጊዜ ደርሶ መልስ ሄድሽ እንደማለት ነው። ግን እንደ ዓባይ በረሃ መጠማዘዝ ስለሌለው፣ ሎሚ እያሸተትሽ የምትሄጂበት መንገድ አይደለም።

ማክሰኞ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገደማ ከቦሌ ትነሺና 17 ሰዓት ያህል ትጓዣለሽ። መሃል ላይ አውሮፕላኑ ያርፋል። እኔ በ2010 ዓ.ም. ስመጣ ያረፍነው ደብሊን ነበር። ጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት የደረስን መስሏቸው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው በሩ ጋ ቆሙ። ሆስተሷ መልሳ አስቀመጠቻቸው። «ካልደረስን ታዲያ ለምን ወረድን?» አሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ነገሩ ነዳጅ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉን እንደልብ አይደግፈውም፤ ሞተሩንም ያደክመዋል። ዳገት ለምትወጣ አህያ ጭነት እንደሚቀነስላት፣ እሱም ዋሽንግተን የሚያደርሰውን ነዳጅ ሁሉ ተሸክሞ ከቦሌ መነሳት ይከብደዋል። ከዚህ ሲነሳ ግን ሜዳው 100 ሜትር እንኳ ከፍታ ስለሌለው ጢም አድርጎ ይሞላል። ላይ ሲወጣ ደግሞ ነፋሱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እየነፈሰ ከኋላው ይገፋዋል። ስለዚህ ወደ አገር መግቢያው 13 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ የትም አያርፍም።

13 ሰዓት ስል ምን ትዝ እንደሚልሽ አውቃለሁ። ለአባዬ ቀብር ያልደረስኩት በዚሁ በአጭሩ መንገድ መጥቼ ነው። መርዶውን ስሰማ የዕለቱ አውሮፕላን ሄዷል፤ እናንተ በማግስቱ ቀበራችሁ፤ እኔ ለሣልስት ደረስኩ። እስካሁን አንስቼው አላውቅም፤ አሁንም ይብቃኝ።

ሌላው ረቡዕ ነው። ከጥምቀት በኋላ ስትመጪ እኛ ከእናንተ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነን። ወደ ፀሐይ መግቢያ ስለምትሄጂ ሌሊቱ አልነጋ ይልሻል፤ ረቡዕሽም 24 መሆኑ ቀርቶ 32 ሰዓት ይሆናል። የጾም ምግብ አስመዝግቤልሻለሁ። አንቺ ግን እስከ 9 ሰዓት ነው የምትጾሚው፤ የጎንደር 9 ሰዓት ገና አየር ላይ እያለሽ ይሞላል፣ የዚህኛው 9 ሰዓት ደግሞ ካረፍሽ ከ7 ሰዓት በኋላ ነው። በየትኛው እንደምትገድፊ የንስሐ አባታችንን ከወዲሁ ጠይቂልኝ።

በርበሬና ሽሮ ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ቋንጣ ግን አትያዢ፤ ሥጋ አያሳልፉም፣ ያንን ሁሉ ልፋትሽን ዓይንሽ እያየ ነው የሚጥሉት። ጋቢሽን በእጅሽ ያዢ፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ይበርዳል። እግርሽ እንዳያብጥ በየሁለት ሰዓቱ ተነስተሽ ወዲያ ወዲህ በይ። መሬት ላይ ካረፈ ግን ሆስተሷን ሳትጠይቂ ከወንበርሽ ንቅንቅ እንዳትዪ።

ልጅሽ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ