የታመመ ዓሣ መኖ አይበላም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

መድኃኒት ስለተላመዱ ባክቴሪያዎች ብዙ ይጻፋል። ስለ ሆስፒታሉ ይወራል፣ ስለ ከብቱ ይወራል። የዓሣ ኩሬው ግን ሁሌም ይረሳል። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ኩሬ ውስጥ በሽታ መግባቱ መጀመሪያ የሚታወቀው መኖ ሲበተን ነው። ጤነኛው እየተሻማ ይመጣል፤ የታመመው ዳር ላይ ቀርቶ ወይም ውሃው ፊት ላይ ወጥቶ ያለከልካል። ኮለምናሪስ የሚባለው በሽታ ከሆነ ጀርባው ላይ ኮርቻ የተጫነበት የሚመስል ነጣ ያለ ግራጫ ምልክት ይታያል። ስንጥቡን ገለጥ ብታደርጉት ደግሞ ደማቅ ቀይ መሆን ሲገባው ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ተበልቷል። ያንን ያየ አርቢ ደንግጦ አንቲባዮቲክ ከመኖው ጋር ቀላቅሎ ይበትናል። ማን በላው? ጤነኛው! የታመመው እኮ አፉን አይከፍትም። ከተበላውም ውስጥ፣ ለምሳሌ ኦክሲቴትራሳይክሊን ከሆነ፣ ወደ ዓሣው ደም የሚገባው ጥቂቱ ነው፤ ብዙው ከኩሱ ጋር ተመልሶ ይወጣና ካልተበላው መኖ ጋር ደለሉ ላይ ይተኛል፣ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎችም በትንሽ በትንሹ እየቀመሱ ይለምዱታል። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ሌላ መንገድ አለ። ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቃ ቫይረስ፣ ባክቴሪዮፋጅ ይባላል፣ ባጭሩ ፋጅ። በእኛ ቋንቋ «ባክቴሪያ ፈጅ» ብንለው ሥራውን ልክ ይገልጸዋል። አዲስ ነገርም አይደለም፦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፍሬደሪክ ትዎርት በ1915፣ ፌሊክስ ዴሬል በ1917 ጽፈውበታል፤ ፔኒሲሊን ገና ሳይታወቅ። ፋጁ ባክቴሪያው ላይ ይጣበቃል፣ ዘረ መሉን ያስገባበታል፣ ውስጡ ይባዛል፣ ከዚያ አፈንድቶት ይወጣና ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ላቦራቶሪ ውስጥ ሳህን ላይ ያደገ ባክቴሪያ እንደ ስስ ጉም ነው የሚመስለው፤ ፋጅ ያረፈበት ቦታ ግን ጥርት ያለች ክብ ቀዳዳ ይሆናል። አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም።

ለዓሣ የሚመቸው ደግሞ ውሃው ውስጥ መጨመር ስለሚቻል ነው። የማይበላውንም ዓሣ ቆዳውና ስንጥቡ ላይ ያገኘዋል። በመኖም ይሰጣል፤ ጃፓን ውስጥ አዩ በሚባል ዓሣ ላይ ተሞክሮ ከሞት አድኗል። ኖርዌይ ውስጥም የርሲኒያ ሩከሪ የተባለውን ባክቴሪያ ለመከላከል ሳልሞን ያለበት ውሃ ውስጥ የሚጨመር የፋጅ ምርት ወጥቷል።

ተአምር ነው እያልኩ አይደለም። አንድ ፋጅ የሚገድለው አንድ ዓይነት ባክቴሪያን፣ አንዳንዴም ከዚያው ዓይነት ውስጥ ጥቂት ዘሮችን ብቻ ነው። ስለዚህ በሽታው ሳይመረመር ዝም ብሎ ኩሬ ውስጥ ማፍሰስ ገንዘብ መድፋት ነው። ባክቴሪያው ፋጁንም ይላመዳል፤ የተለያዩ ፋጆችን ቀላቅሎ መስጠት የሚመከረውም ለዚህ ነው። ደስ የሚለው፣ የኮለምናሪሱ ባክቴሪያ ፋጅን ሲቋቋም ዓሣን የማሳመም አቅሙ እንደሚዳከም ታይቷል። አንዳንድ ፋጆች ግን ባክቴሪያውን ሳይገድሉ ዘረ መሉ ውስጥ ተደብቀው ይቀመጣሉ፣ የበሽታ ዘረ መል ይዘው የሚዞሩም አሉ። እነዚያን አጣርቶ ማውጣት ግዴታ ነው።

እኔ የምለው ከጫጩቶቹ እንጀምር ነው። የዓሣ ጫጩት የበሽታ መከላከያው ገና ስላልጠነከረ ክትባት ብዙም አይዝለትም፣ የሚያልቀውም በጅምላ ነው። ጫጩት የሚፈለፈልበት ታንክ ደግሞ ትንሽ ነው፣ ውሃው ይታወቃል፣ መጠኑም ይለካል። ፈቃድ ሰጪዎችም ቢያስቡበት፦ የፋጅ ቅልቅል ባክቴሪያው በተቀየረ ቁጥር መታደስ አለበት፤ በእያንዳንዱ እድሳት እንደ አዲስ ኬሚካል ከሀ ጀምሮ ፈቃድ መጠየቅ ካለበት ፈቃዱ እስኪመጣ ዓሣው አልቋል።

ጋዜጣችሁ የዓሣ ሐኪሞችንና ፈቃድ ሰጪዎችን አንድ ገጽ ላይ ቢያገናኝልን፣ ይህችን የእድሳት ጥያቄ መጀመሪያ ጠይቁልኝ።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ