ስልክዎን ለጥገና ከመስጠትዎ በፊት

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። የስልክዎ መስታወት ከዳር በኩል እየጠቆረ እንደመጣና በሚቀጥለው ሳምንት ለጠጋኝ ሊሰጡት እንዳሰቡ ከነገሩኝ ጀምሮ ሐሳብ ስለገባኝ፣ በቃል ተነግሮ ከሚረሳ ደጋግመው እንዲያነቡት ብዬ ይህን ጻፍሁልዎ። ልመናዬ አንድ ነው፤ ስልኩ ከቤት ከመውጣቱ በፊት በውስጡ ያለው ሁሉ ወደ ኮምፒውተሩ ይገልበጥ።

ያስቸኮለኝ የመስታወቱ ነገር ነው። ስልክ የመክፈቻ ቁጥሩ ካልገባ በቀር ፎቶውንም ሆነ ድምፁን ለኮምፒውተር አያሳይም፤ መስታወቱ ጨርሶ ከጨለመ ወይም የጣት ንክኪ አልቀበል ካለ ደግሞ ቁጥሩን የምናስገባበት መንገድ ይጠፋል። ዛሬ እርስዎ ራስዎ በነፃ የሚሠሩት ሥራ ያን ጊዜ በባለሙያ እጅ እንኳ አስቸጋሪ ይሆናል። ጠጋኙ የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን፣ ስልኩ አልነሣ ሲል ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ ማስጀመር የተለመደ መፍትሔ ነው። እርስዎ በመዝገብ ቤት በሠሩባቸው ዓመታት ግልባጩ ፋይል ሳይገባ ዋናው ደብዳቤ ከቢሮ እንዲወጣ ፈቅደው አያውቁም፤ ይህም የዚያው ዓይነት ጥንቃቄ ነው።

ከሁሉም በላይ የማስበው የአያቴን ድምፅ ነው። ከማረፏ በፊት አጠገቧ ተቀምጠው ሰባት ቤት ስታስቆጥርዎ የቀዱት ከዚያ ስልክ በቀር የትም የለም። የእገሌን አባት ከእገሌ ስታምታታ ቆም ብላ «ቆይ ልጄ፣ አትቸኩል» ያለችው፣ ጀበናው ሲንተከተክ የሚሰማው፣ እርስዎም በዝግታ ስሙን መልሰው ሲጠሩላት ያለው ሁሉ እዚያው ነው። ፎቶ ቢጠፋ ከዘመድ ይገኝ ይሆናል፤ ይህን ግን ደግሞ የሚነግረን ሰው የለም። ስለዚህ ሲጀምሩ ከእርሱ ይጀምሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስልኩን በራሱ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኙና ይክፈቱት። ኮምፒውተሩ ስልኩን ጨርሶ ካላወቀው ገመድ ይቀይሩ፤ ቻርጅ ከማድረግ በቀር ፋይል የማያስተላልፍ ገመድ ብዙ ነውና። ስልኩ ፈቃድ ከጠየቀዎ ይፍቀዱለት። ምንም ካልጠየቀዎ ግን ከመስታወቱ አናት ወደ ታች በጣትዎ ሲስቡ ስለ ዩኤስቢ የሚናገር ጽሑፍ ያገኛሉ፤ እርሱን ነክተው ቻርጅ ከማድረግ ይልቅ ፋይል ማስተላለፍን ይምረጡ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ «ዚስ ፒሲ» የሚለውን ሲከፍቱ የስልኩ ስም ይታያል። የድምፅ ቅጂው «ሪኮርዲንግስ» ወይም «ቮይስ ሪከርደር» በሚባል ፎልደር ውስጥ ይገኛል፤ በካሜራ ያነሷቸው ፎቶዎችና ቪዲዮዎች «ዲሲአይኤም» በሚባለው ውስጥ ናቸው። እኅቴ ከጅዳ በዋትሳፕ የምትልክልዎ ፎቶና ድምፅ ግን ራቅ ብሎ የተቀመጠ ነው፤ «አንድሮይድ» የሚለውን ከፍተው «ሚዲያ» ውስጥ ሲገቡ የዋትሳፕን ፎልደር ያገኙታል።

ግልባጩን ዴስክቶፕ ላይ አያስቀምጡት። ዴስክቶፕ ያለው «ሲ» በሚባለው የዲስኩ ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ዊንዶውስ ተበላሽቶ ባለሙያ ፎርማት ባደረገው ቁጥር አብሮ ይጠፋል። «ዲ» ውስጥ አዲስ ፎልደር ከፍተው ቀኑን ይጻፉበትና እዚያ ያስገቡት። ሲገለብጡም «ኮፒ» እንጂ «ከት» አይበሉ፤ «ከት» ከስልኩ ላይ ስለሚያነሣው መብራት በመሐል ቢጠፋ ጉዳት ሊደርስ ይችላል። መብራቱ ጸንቶ የሚቆይበትን ሰዓት ይምረጡ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመጫን ይልቅ ፎልደር በፎልደር ቢሄዱ ቢቋረጥ እንኳ የት እንደደረሱ ያውቃሉ። ሲጨርሱ የስልኩንና የኮምፒውተሩን ፎልደር ከፍተው ከታች በኩል የሚታየውን የፋይል ቁጥር ያስተያዩ፤ የአያቴን ድምፅ ግን ቁጥሩ ስለገጠመ ብቻ አይመኑት፣ ከኮምፒውተሩ ላይ ከፍተው እስከ መጨረሻው ያዳምጡት።

በዚህ መንገድ የማይገለበጥ ነገርም አለ። የሰዎች ስልክ ቁጥር ፎቶ እንዳለበት ቦታ አይቀመጥም፤ «ኮንታክትስ» ከሚለው ውስጥ «ኤክስፖርት» ብለው ወደ አንድ ፋይል ካወጡት በኋላ ነው የሚገለበጠው። የእድሩ አባላት ቁጥር ሁሉ እዚያ ስላለ ይህን አይለፉት። የዋትሳፕ የጽሑፍ መልእክት ተመስጥሮ ስለሚቀመጥ ፋይሉ ቢገለበጥም ኮምፒውተሩ ላይ አይነበብም። የቴሌግራሙ አያሳስብም፤ ከሚስጥር ውይይቶች በቀር በቴሌግራም ማዕከል ስለሚቀመጥ በዚያው ስልክ ቁጥር በሌላ ስልክ ሲገቡ ይመለሳል።

ወንድሜ ሁሉንም በኢንተርኔት ጉግል ላይ ማስቀመጥ ይሻላል እንዳለዎ አውቃለሁ፤ ሐሳቡ ስሕተት የለበትም። ሆኖም በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ሰኔ ወር ጀምሮ ደግሞ አዲስ የሚገቡ ፎቶዎች ሁሉ ከዚሁ ላይ ይቆጠራሉ፤ ኢሜይሉም ይጋራዋል። የእርስዎን ያህል ቪዲዮ በሞባይል ዳታ መጫን ጥቅሉን ቶሎ ይጨርሰዋል። ገመዱ አንድ ብር አያስወጣም። ስለዚህ የአያቴን ድምፅ ብቻ ለእኔ በቴሌግራም በፋይል መልክ ይላኩልኝና እኔ ዘንድም ይቀመጥ፤ ኮምፒውተሩም ቢሆን ይበላሻልና።

ሥራውን የእኅቴ ልጅ ቅዳሜ ሲመጣ አብሮዎት ቢሠራው ደስ ይለኛል፤ ፍላሽ ይዞ ከመጣ ግን ቫይረስ እንዳያስገባ አይሰካው። ድምፁ በደንብ መሰማቱን አረጋግጠው ይደውሉልኝ፤ ከዚያ ስልኩ ወደ ጠጋኙ ይሂድ። ሲም ካርዱን አውጥተው እቤት ያስቀሩት።

አክባሪ ልጅዎ