የአምላክ መሬት፣ የሰው ፊርማ

ለአዘጋጁ፣

በውጭ ዜና ገጻችሁ ስለ ሕንድ ቤተ መቅደሶች መሬት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ደግ ነው። ግን ነገሩን ሁሉ «መንግሥት ከሃይማኖት ተቋማት መሬት ሊነጥቅ ነው» ወደሚል ጠብ አወረዳችሁት። እኔ ይህን ክርክር ለዓመታት ስከታተል የቆየሁ አንባቢ ነኝ። መሬቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ በፍርድ ቤት ከተመለሰ ቆይቷል። ሰው የሚያጣላው በባለቤቱ ስም ማን ይፈርማል የሚለው ነው። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

የሕንድ ነገሥታት ለዘመናት ለቤተ መቅደስ መሬት ሲሰጡ ስጦታውን በመዳብ ሰሌዳ ያስቀርጹ ነበር። ከመሬቱ የሚገኘው ለመብራቱ ዘይት፣ ለአበባው፣ ለበዓሉና ለካህናቱ ቀለብ ይውላል። ብዙዎቹ ሰሌዳዎች መጨረሻቸው ላይ እርግማን አለባቸው፤ የተሰጠውን መሬት መልሶ የወሰደ ስልሳ ሺህ ዓመት በዓይነ ምድር ውስጥ ትል ሆኖ ይኖራል ይላል። የእኛም ነገሥታት ለአድባራት ጉልት ሲሰጡ የሚነጥቀውን በጴጥሮስና በጳውሎስ ቃል ያስወግዙ እንደነበር ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

አንዳንዱ ንጉሥ ከዚህም አልፎ ሄዷል። በዛሬዋ የደቡብ ሕንድ ግዛት በኬረላ የነበረው የትራቫንኮር መንግሥት ንጉሥ ማርታንዳ ቫርማ በ1750 ግዛቱን በሙሉ ፓድማናብሃ ለሚባለው አምላክ አስረክቦ፣ ከዚያ በኋላ የአምላኩ አገልጋይ ነኝ ብሎ ገዛ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ የአካባቢው ቤተ መቅደሶች መሬት ወደ መንግሥት ገቢ ዞረ። የዚያ ዕዳ ዛሬም አላለቀም። የሕንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 290ሀ፣ የኬረላ ግዛት መንግሥት የቤተ መቅደሶቹን ጉዳይ ለሚመራው ፈንድ በየዓመቱ 4 ሚሊዮን 650 ሺህ ሩፒ እንዲከፍል ያዛል። በ1950ዎቹ ይህ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ምን እንደሚገዛ እናንተው አስሉት።

ወደ ሕጉ ልምጣ። በሕንድ ሕግ በቤተ መቅደሱ የተሠየመው አምላክ ሕጋዊ ሰውነት አለው። ንብረት ያፈራል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ሂንዱዎችና ሙስሊሞች ሲካሰሱበት በቆዩት በአዮድያ ከተማ ቦታ ጉዳይም በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አከራካሪውን ቦታ የፈረደው ለአምላኩ ነው። ግን አምላክ ጠበቃ ቀጥሮ ቃል አይሰጥም፣ ውል ላይም አይፈርምም። ስለዚህ ሕጉ ንብረቱን በሚመለከት እንደ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ያየዋል። ሞግዚት ያስፈልገዋል ማለት ነው። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሞግዚት የልጁን ሀብት ሲበላ ያላየን ማን አለ?

በመካከለኛው ሕንድ በምትገኘው በማድያ ፕራዴሽ ግዛት የሆነውን እንይ። የቀድሞው የግዋልየር መንግሥት ለቤተ መቅደሶች የሰጠው መሬት ነበር። ካህናቱ መሬቱን እየተጠቀሙ ያገለግሉ ነበር፤ ስማቸውም በመሬት መዝገብ ሰፍሮ ቆየ። አንዳንዱ የአምላክን መሬት እንደ ግሉ መሸጥ ሲጀምር፣ የግዛቱ መንግሥት የካህናቱ ስም እንዲሰረዝና የአውራጃው አስተዳዳሪ በሥራ አስኪያጅነት እንዲጻፍ መመሪያ አወጣ። ካህናቱ በማኅበራቸው በኩል ከሰሱ። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለእነሱ ፈረደ። መንግሥት ይግባኝ አለና ጉዳዩ ዴልሂ ገባ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሴፕቴምበር 6 ቀን 2021 በሰጠው ውሳኔ ካህኑ የመሬቱ ባለቤት አይደለም አለ። መሬቱን የያዘው ሊያስተዳድርና ሊያገለግል ነው፤ አገልግሎቱን ካቆመ ስጦታው ሊነሳበት ይችላል። ስለዚህ በባለቤት ረድፍ የሚጻፈው የአምላኩ ስም ብቻ ነው። እናንተ ያልጠቀሳችሁት ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ቤተ መቅደሱ ራሱ በመንግሥት እጅ ካልሆነ በቀር አስተዳዳሪውም ሥራ አስኪያጅ ተብሎ መመዝገብ አይችልም ብሏል። ካህኑም አስተዳዳሪውም ከመዝገቡ ወጡ። ይህን «መንግሥት አሸነፈ» ብሎ መዘገብ አያስኬድም።

እኔ በውሳኔው እስማማለሁ። የጎጃም ወይም የጎንደር ሽማግሌ ብትጠይቁም አይገርመውም። የሰሞን መሬት የሚበላ ደብተራ የሚበላው ስለሚያገለግል ነበር። ሆኖም ካህናቱን ሁሉ ሌባ አድርጎ ማየት ነውር ነው። በአንዲት ትንሽ መንደር ቤተ መቅደስ ከአባቱ ተረክቦ ጧት ማታ የሚያገለግል፣ ከዚያች ቁራሽ መሬት በቀር ገቢ የሌለው ሰው አለ። ስሙ ከመዝገብ ሲሰረዝ ባንክ ብድር ይከለክለዋል፣ ጎረቤቱም ድንበር ይገፋዋል። የፍርድ ቤቱ ቃል ትክክል ሆኖ ሳለ ሰውየው ተጎድቷል።

ከሁሉ የከፋው ግን አራሹ በዚህ ክርክር ውስጥ አለመታየቱ ነው። እዚህ ላይ ኔፓል ጥሩ ምሳሌ ናት። እዚያ ነገሥታትም ባለጸጎችም ለቤተ መቅደስና ለበዓል የሰጡት መሬት ጉቲ ይባላል። የንጉሥ ጉቲ የሚባለውን ወገን ከ1964 ጀምሮ የሚያስተዳድረው የመንግሥት ድርጅት ነው። በ2019 መንግሥት የጉቲ መሬቶችን ሁሉ በአንድ ባለሥልጣን ሥር ሊያደርግ ረቂቅ ሕግ አቀረበ። የካትማንዱ ሸለቆ ነባር ሕዝብ የሆኑት ኔዋሮች በዓላችን ሊጠፋ ነው ብለው አደባባይ ወጡ። ፖሊስ ውሃ ረጨባቸው፤ ሕዝቡ ግን ባሰበት። መንግሥት በጁን ወር ረቂቁን ሳበ። ዓለም ይህንን የሕዝብ ድል ብሎ ዘገበው። ድልም ነበር። ነገር ግን ያንን ሕግ በተስፋ ይጠብቁ የነበሩ፣ የጉቲ መሬት ለትውልዶች ሲያርሱ ኖረው ዛሬም ሙሉ ባለቤትነት የሌላቸው ጭሰኞች ነበሩ። እነሱ ካሜራ አልመጣላቸውም።

በሕንድም ያው ነው። በቪሻካፓትናም አጠገብ በሲምሃቻላም ቤተ መቅደስ መሬት ላይ አምስት መንደሮች አሉ። ነዋሪዎቹ ቤት ሠርተው፣ ልጅ ወልደው የኖሩበት ቦታ በወረቀት የአምላኩ ነው። እንደ ልብ መሸጥ ስለማይችሉ ለዓመታት ሲጮኹ ኖረዋል። በኦዲሻ የጃጋናት ቤተ መቅደስ ከ60 ሺህ ኤከር በላይ አለው፤ በእኛ ልኬት ስድስት መቶ ጋሻ ያህል መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ መሬት የቤተ መቅደሱ ካህናት ራሳቸው አያርሱትም።

እኛ አገር ይህ ክርክር በአዋጅ ቁጥር 31/1967 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ተቋረጠ። ጉልቱም ሰሞኑም ቀረና የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ተባለ። መልካም ሆነ አልሆነ ዛሬ አልከራከርም፤ እሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል። ግን ያኔ የተነሳው ጥያቄ «መሬት ላራሹ» ነበርና፣ የእኛ ጋዜጣ የሌላውን አገር ጉዳይ ሲያወራ አራሹን ቢረሳ ያስተዛዝባል።

ስለዚህ ተከታይ ዘገባ ካላችሁ፣ ከካህኑና ከባለሥልጣኑ ሌላ መሬቱን የሚያርሰውንም ጠይቁልን። ለማን ስንት እንደሚከፍል፣ ደረሰኝ ይሰጠው እንደሆነ፣ ተነስ ቢባልም ለማን አቤት እንደሚል ማወቅ እንፈልጋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር