ይድረስ ቡሬ ላለው ወንድሜ

ወንድማለም፣

እንደምን ከርመሃል? እማስ እንዴት ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን ላሳጥረው። የላክሁት ገንዘብ ባንክ መግባቱን ሰምቻለሁ። ለድንኳኑና ለበሬው ይበቃል ብዬ ነው ያሰብሁት፤ ከሁሉ በፊት ግን የእማ የግፊት መድኃኒት ይነሣለት። ለድግሱ የጎደለ ካለ ንገረኝ፣ እሞላዋለሁ። መድኃኒቷን ግን «ዛሬ ይለፈኝ» ብትልህ እንኳ እሺ እንዳትላት።

ባለፈው ስልኩ ሲሠራ ያልኸኝ ነገር ከሆዴ አልወጣ አለ። «እማ ረሳን እያለች ታለቅሳለች» አልኸኝ። አልረሳሁም። ኔትወርኩ የተዘጋው በእናንተ በኩል ነው እንጂ እኔማ ከሥራ ስወጣ እደውላለሁ፣ ባቡር ስጠብቅ እደውላለሁ፣ ሌሊት ብንን ስል እደውላለሁ። ከጎጃም ሰሞኑን የመጣ ሰው አለ ሲሉኝ ሌላ ከተማ ድረስ ሄጄ ጠይቄአለሁ። ሰውየው ከደጀን ወዲህ ያለውን እንጂ ቡሬን አላየም። ይኸን ለእማ ንገራት፤ እኔ ብነግራት እንድጽናና ነው የሚለኝ ትላለች።

እንዴት እንደከረምሁም ልንገርህ። እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ያን የድሮ ጌማችንን ገዛሁት፤ ኮል ኦፍ ዲዩቲን፣ ያን የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የተኩስ ጌም፣ የመጀመሪያውን። ሰው ጭንቅ ላይ ሆኖ እሱ ይጫወታል እንዳትለኝ። አሮጌ ስለሆነ ርካሽ ነው፣ ከእናንተ ድርሻም አልነካሁበት። በፈረንጆቹ 2003 የወጣ ነው። እኛ ጋ የደረሰው ዓመታት ቆይቶ በተገለበጠ ሲዲ ነበር፤ ዛሬ ግን በኢንተርኔት አውርደህ ሻይህን ሳትጨርስ ይከፈትልሃል።

መናኸሪያው አጠገብ የነበረው ጌም ቤት ትዝ ይልሃል? የምንከፍለው ለአንድ ሰው ብቻ ስለሆነ አንድ ወታደር ለሁለት ነበር የምንመራው። እኔ ኪቦርዱን ይዤ አራምደዋለሁ፣ አንተ ማውሱን ይዘህ ትተኩሳለህ። ስትፈራ ወደ ኋላ እንድመልስህ ክርኔን ትነካኝ ነበር። አሁን ሁለቱም በእኔ እጅ ነው፤ ስጫወትም ይበልጥ ጎበዝ ሆኛለሁ። ግን ግራ ክንዴ የሚነካውን ሰው እየጠበቀ ወንበሩን ወደ ጥግ አስጠግቼ እቀመጥ እንደነበር ያወቅሁት ከብዙ ሌሊት በኋላ ነው።

የሩሲያውን ወንዝ ቮልጋን የምንሻገርበትን ሌቭል ታስታውሰዋለህ። ጀልባው ላይ ወታደሮቹ እንደ ገበያ በግ ታጭቀው፣ አውሮፕላኑ ከላይ እየደበደባቸው፣ ከወንዙ ማዶ ስታሊንግራድ ይነድዳል። ከጀልባው ሲወርዱ አንዱ ጠመንጃ ይታደለዋል፣ ለአንተ የሚደርስህ ጥይት ብቻ ነው። ባዶ እጅህን ወደ መትረየስ ሩጥ ትባላለህ፤ ብትመለስ ደግሞ የራስህ አለቃ ይገድልሃል። አንተ ሁልጊዜ «ጠመንጃው የታል?» እያልህ ባለቤቱን ታስቸግረው ነበር፣ ኮምፒውተሩ የተበላሸ መስሎህ።

አባባ ነፍሳቸውን ይማርና ሊይዙን የመጡት እዚያ ሌቭል ላይ ስንደርስ ነው። ዱላ ይዘው ነበር። ከኋላችን ቆመው ብዙ አዩ። ከዚያ «ለሰው መሣሪያ ሳይሰጡ ወደ ጥይት ይልካሉ?» አሉና ሳይመቱን ወጡ። ሰሜን ግንባር ስላሳለፉት ዓመታት ከዚያ ወዲያም አንድ ቃል አልነገሩንም። ያን ጊዜ ከዱላ በመዳናችን ነበር የተደሰትነው። አሁን ያቺን ወንዝ ብቻዬን ስሻገር ድምፃቸው ከጀርባዬ ይመጣል፤ ምን አይተው ነበር እላለሁ። ሲያነክሱ እያየን ያልጠየቅናቸው ለምንድን ነው?

ሌላም ነገር አለ። በዚያ ጌም ቁስል እንዲሁ አይድንም። በኋላ በፈረንጆቹ 2005 በወጣው ሁለተኛው ላይ ጥግ ይዘህ ትንሽ ከተነፈስህ ይሻልሃል፤ በመጀመሪያው ግን የመድኃኒት ሳጥን ፈልገህ ካላገኘህ ደምህ እንደጎደለ ትቀጥላለህ። ልጅ ሳለን ይኸን እንደ ጌሙ ጉድለት ነበር የምንቆጥረው። መንገዱ ተዘግቶ የእማን መድኃኒት ከአንዱ ፋርማሲ ወደ ሌላው ስትፈልግ እንደዋልህ ከነገርኸኝ በኋላ ግን ያችን ሳጥን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ድምፁን መስማት ያቃተኝ ደግሞ እማ በተኩሱ ሌሊት መሬት ላይ ተኝታ እንዳደረች ከነገርኸኝ ቀን ጀምሮ ነው። ማዳመጫዬን አወለቅሁ። ድምፁን ዘግቼ ስጫወት ዓይኔ ድሮ ያላየውን ማየት ጀመረ። ፈረንሳይ አገር ኖርማንዲ ላይ በየመንደሩ ቤት እንገባ አልነበር? ጠረጴዛ አለ፣ አልጋ አለ፣ ምድጃ አለ። ሰው የለም። አንዲት እናት የለችም፣ አንድ ሕፃን የለም። የማን ምድጃ ነው ብለን አልጠየቅንም፤ በመስኮቱ ማን ይተኩሳል ብቻ ነበር ጥያቄያችን። የፓቭሎቭ ቤት የሚባለው ሌቭል ላይ ረዳት ጦር እስኪደርስ ሕንፃውን ከታንክ ትጠብቃለህ። ሕንፃው ስታሊንግራድ ውስጥ በእውነት የነበረ ነው፤ የሩሲያ ወታደሮች 58 ቀን ያህል ይዘውት ቆይተዋል። ምድር ቤቱ ውስጥ ተራ ሰዎች ተሸሽገው እንደነበር አንብቤአለሁ፣ ሴቶችም ልጆችም። ጌሙ ውስጥ እነሱ የሉም። እኔ ግን ከላይ ሆኜ ስተኩስ እማ ከሥር የተኛች መሰለኝ። አላስጨረሰኝም፤ ዘጋሁት።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጀርመናዊ አለ፣ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ። ዕቃ ስንጭን ይኸን ጌም አነሣሁበት። አያቱ ስታሊንግራድ ሄደው ቀርተዋል፤ መቃብራቸው የት እንደሆነ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ አያውቅም። እኔና አንተ ስንቱን ጀርመን እየቆጠርን ጥለናል። በዚያ ቀን ምሳውን ከእኔ ጋር በላ፣ የእማን ፎቶ አሳየሁት።

የሚገርምህ፣ ያ ጦርነት የእኛም ነበር። ቡሬ የጣሊያን ምሽግ ነበረባት። አያታችን ስትነግረን ተረት እየመሰለን ወደ ጌም ቤት እንሮጥ ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ የስታሊንግራድ ውጊያ ያን ጊዜ ገና አልተጀመረም። እነበላይ ዘለቀ አምስት ዓመት ሙሉ በዱር በገደሉ የተዋጉት ከዚያ በፊት ነው። እኛ ግን የስታሊንግራድን ፍርስራሽ በጨለማ መምራት የምንችል ልጆች ሆነን ያደግንባትን ከተማ ውጊያ አናውቀውም። አያታችን ብትኖር ኖሮ ዛሬ ቁጭ ብዬ አስጨርሳት ነበር። እማ ከእሷ የሰማችውን ታውቃለች፤ እባክህ ስታወራ በስልክህ ቅዳልኝ።

አሁን ወደ ሠርጉ ልመለስ። ለዳግማይ ትንሣኤ የተቆረጠው ቀን በእኔ ምክንያት እንዳይገፋ። እማ «ታላቁ ሳይመጣ» ትላለች አልኸኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና በሂደት ላይ ነው፣ አሁን ከዚህ ብወጣ መመለሻ የለኝም። ሥራዬ አይከብድም፣ ቤቴ ይሞቃል፣ እሱን አታስቡ። ግን አባባ በሌሉበት አንተን ቆሜ መዳር የነበረብኝ እኔ መሆኔን ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም፤ ሲነግሩኝ የምቆጣው ስለማላውቀው አይደለም። በአባባ ወንበር አጎታችን ይቀመጡ። ከቤት ስትወጣ የእማን ጉልበት ቀስ ብለህ ሳም፣ ቀኙ ነው የሚያማት። ጠላውን እራሴ ካልጠመቅሁ ብላ ከእንስራ ጋር እንዳትታገል ለጎረቤቶቹ ንገርልኝ።

ከሠርጉ በኋላ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ባሕር ዳር ወስደህ አስመርምራት። የመኪናውንም የሐኪሙንም እኔ እችላለሁ። «ተሽሎኛል» ብትልህ አትመናት፣ ለእኔም እንደዚያው ነው የምትለኝ።

ለሙሽሪት ሰላምታዬን አድርስልኝ። በድምፅ እንጂ በዓይን አላውቃትም፣ ግን እማን «እትዬ» እያለች ስትጠራት ከበስተጀርባ ሰምቼ ወድጃታለሁ። የጫማ ቁጥሯን ዛሬውኑ ላክልኝ። ወደ አገር ቤት የሚገባ ሰው አግኝቻለሁ፣ ዕቃውን ሳይነሣ ላደርስለት ነው። ላንተ የገዛሁትን ሸሚዝ ደግሞ እጅጌው ከረዘመ አሳጥረው፤ እኔ የለካሁት በድሮው ቁመትህ ነው።

ወንድምህ