ቢጫውን አልተረተርኩትም

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የጎንደር ብርድ ገብቷል። ማታ ማታ አባትሽ ጋቢውን ደርቦ፣ እኔም ክርና መርፌዬን ይዤ ከሰሉ ዳር እንቀመጣለን።

ባለፈው በስልክ «ያን ሻርፕ ተርትሪው፣ ቢጫውን ማየት አልፈልግም» ብለሽኝ ነበር። እያለቀስሽ ስለነበር ዝም አልኩ። ዛሬ ልመልስልሽ።

መቀሱን አንስቼ ነበር። ግን በሁለት መርፌ የተሠራ ነገር የሚተረተረው ካበቃበት ጫፍ ነው፤ ከመነሻው ቢጎትቱት ይጠብቃል እንጂ አይፈታም። ቢጫው መነሻው ነው። እርሱን ለማውጣት ከእርሱ በኋላ የመጣውን ሁሉ ማፍረስ ሊኖርብኝ ነው። አረንጓዴውን የሠራሁት የምርቃትሽ ሰሞን ነበር፤ እርሱን ምን በደለኝ ብዬ አፈርሰዋለሁ?

ቢጫውን የመረጥኩት ያ የተለያያችሁት ልጅ ጥምቀት ላይ ስለሰጠሽ ሎሚ ነው። ስትነግሪኝ ፊትሽ እንዴት እንደበራ አስታውሳለሁ። ለእኔም ሎሚ የወረወረልኝ ሰው ነበር፤ አባትሽ አይደለም። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም። አባትሽ ያውቃል፣ ስለዚህ አትደንግጪ።

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ተብሎ አዲስ ቀሚስ ለብሼ ወርጃለሁ። የፋሲለደስ መዋኛ በቀሃ ውኃ ሞልቷል፣ ጎረምሶቹ እየዘለሉ ይገባሉ፣ እኔ እነርሱን ሳይ ሎሚው ደረቴን መታኝ። ከዚያ በኋላ ለዚያ ሰው ግራጫ ሹራብ ጀመርኩለት። እጅጌው ብቻ ሲቀረኝ ሌላ ሊያገባ መሆኑን ከሰው ሰማሁ። ሹራቡን በአንድ ሌሊት ተረተርኩት። ክሩ ግን ቀጥ አላለም፤ ሹሩባ እንደተፈታ ፀጉር ተጠማዝዞ ቀረ። አያትሽ ጠዋት አየችው። ምንም ሳትናገር ለብ ባለ ውኃ ነከረችው፣ ድንጋይ በጨርቅ ቋጥራ ከታች አንጠለጠለችበትና ጥላ ውስጥ ሰቀለችው። ደርቆ ቀጥ ሲል ጠቅልላ ሳጥኔ ውስጥ አስቀመጠችልኝ። አንቺ ስትወለጂ አወጣሁት። በሕፃንነት ፎቶግራፍሽ ላይ ያደረግሽው ግራጫ ኮፍያ ያ ክር ነው።

ስለ ሰማያዊው ልንገርሽ። የተለያያችሁ ሰሞን ጥቁር ክር ልገዛ ወጥቼ ነበር። ሱቁ በር ላይ ስደርስ ልቤ እምቢ አለኝ። ጥቁር ለሞተ ሰው ነው፣ አንቺ ደግሞ ማንንም አልቀበርሽም። የሌሊት ሰማይ የመሰለ ድፍን ሰማያዊ ይዤ ተመለስኩ። ከቀለሞቹ ሁሉ ብዙ ክር የበላው እርሱ ነው። በእጅሽ ብትዳስሺው አልፎ አልፎ ጠጠር ብሎ ታገኚዋለሽ፤ ከአንቺ ጋር በስልክ አውርተን ከዘጋሁ በኋላ የሠራኋቸው ረድፎች ናቸው። ተቆጥቼ ስሠራ ክሩን አጠብቃለሁ። በአንቺ አልተቆጣሁም፣ ልጄ፤ አንቺን ባስለቀሰው ነው።

ሻርፑ መርፌው ላይ በሦስት የክር ቀለበት ነው የተጀመረው። በየሁለት ረድፉ አራት አራት እየጨመርኩ ነው የሚሰፋው፤ አሁን አንዱ ረድፍ ከ300 ቀለበት በላይ ሆኗል። በረድፍ ቁጥር ግማሹ ላይ ስደርስ የፈጀሁት ክር ግን ሩብ ያህል ብቻ ነበር። ቢጫው 30 ረድፍ ነው፤ ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም። ይህን የምልሽ ሐዘንሽን ላሳንስብሽ ብዬ አይደለም፣ ቆጥሬ ስለገረመኝ ነው።

መነሻው የት እንደሚያርፍም እይው። ትከሻሽ ላይ ስትጥይው ቢጫው ማጅራትሽ ላይ፣ ከፀጉርሽ ሥር ነው የሚውለው። አንቺ አታይውም፤ ያሞቅሻል። ከፊትሽ የሚታይሽ ጠርዙ ነው። እርሱን እንደ ነጠላ ጥለት ብርቱካናማ፣ አረንጓዴና ቀይ አድርጌዋለሁ። ነጠላ ሐዘን ሲመጣ ይዘቀዘቃል፣ ጥለቱ ወደ ላይ ይወጣል። ይህ ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ለማዘቅዘቅ አይመችም። አስቤበት የሠራሁት አይደለም፤ ትናንት ትከሻዬ ላይ ጥዬ ስለካው አስተዋልኩትና ደስ አለኝ።

አባትሽ «ቀለሙ አልበዛም?» አለኝ። አልበዛም።

ስታጥቢው በቀዝቃዛ ውኃ ነክረሽ ተጫኚው እንጂ አትሺው፤ ሱፍ በሙቅ ውኃ ከታሸ ተጣብቆ ያጥራል። ገመድ ላይም አትስቀይው፣ በውኃው ክብደት ይለጠጣል። ፎጣ ላይ ዘርግተሽ አድርቂው።

ቀዩ ክር ስምንት ረድፍ ሲቀረኝ አለቀብኝ። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ገበያ ሄጄ ያንኑ እፈልጋለሁ፤ ካጣሁ ትንሽ ደመቅ ባለው እቀጥለዋለሁ። ሰኞ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ስላለ ከሽሮውና ከበርበሬው ጋር እልክልሻለሁ። እራት ሳትበዪ አትተኚ።

የምትወድሽ እናትሽ
ከጎንደር