ስለ ደኑ ጽዳት ቅዳሜ እንገናኝ

ሰላም የዳንግላ አባላት። ደኑን ከማጽዳታችን በፊት የሚቆረጠውንና የሚቀረውን ለመወሰን፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ዋርካው ሥር እንገናኝ።

ደረቅ ግንድ ሁሉ ይነሳ የሚለውን እኔ አልደግፍም። ባለፈው አንዱን ደረቅ ዋንዛ ጠጋ ብዬ ሳይ፣ ጣት በሚያስገባ ቀዳዳ ትልቅ ጥቁር ንብ ትገባ ትወጣ ነበር። ብዙ የዱር ንብና ተርብ የሚፈለፍሉት እንዲህ ያለ እንጨት ውስጥ ነው። ጣዝማ ደግሞ ጎጆዋ መሬት ውስጥ ነው። አፈሩ ከተገለበጠ አለቀላት! ተርብም ብትናደፍ፣ ትል እየለቀመች ልጆቿን ስለምትመግብ ለማሳችን ትጠቅማለች።

ግራዋና ብሳና የንብ ቀለብ ናቸው፣ ባይነኩ ጥሩ ነው። ባሕር ዛፉ ግን ይሳሳ።

ቀይ ቀለምና ብሩሽ ያላችሁ አምጡ፤ የሚቀረውን እንቀባለን። ገጀራ አያስፈልግም። የምትመጡ እስከ ዐርብ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።