ደብዳቤ ለልጄ፦ የቧሂትን በር ከመውጣትሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። ከባሕር ዳር ተነስተሽ ስሜን ተራሮች ላይ በብስክሌት ልትወጪ፣ የቧሂትንም በር፣ የተራራውን መሻገሪያ፣ ልታዪ ማሰብሽን የጻፍሽልኝ ደርሶኛል። ሐሳቡ ደስ ይላል። «በአምስት ቀን ደርሼ እመለሳለሁ» ያልሽውን ግን አልቀበልም፤ ስምንት ቀን ያዢ። ነሐሴንም እርሺው። ዝናቡ መንገዱን ጭቃ ያደርገዋል፤ ጉሙም ገደሉንና መንገዱን አንድ ያደርግብሻል። ጥቅምት ይሁን። ከመነሳትሽ በፊት ባለው ሳምንት ደባርቅ ደውለሽ የመንገዱን ሰላም አጣሪ፤ መልሱ ካላረካሽ ይቆይ።

ቁጥሩን እንየው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የፓርኩ መግቢያ ከተማ ደባርቅ 2,850፣ ማደሪያ ሰፈሮቹ ሳንቃ በር 3,250 እና ጨነቅ 3,620፣ የቧሂት በር ደግሞ 4,200 አካባቢ ነው። በሩ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ያህል ቢሆን ነው። ባሕር ዳር በሦስት ትንፋሽ የምታገኚውን ኦክስጅን እዚያ በአራት ታገኚዋለሽ ማለት ነው። ሰውነት ይህን ይለምዳል፤ ግን ሌሊቶች ይፈልጋል። ስለዚህ ማታ ማታ የምትመዘግቢው የተኛሽበትን ከፍታ ይሁን። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታሽ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር።

በዚህ ስሌት፣ የመጀመሪያው ቀን በመኪና ደባርቅ መግባት ነው። ሁለተኛው ቀን እዚያው ደባርቅ ቆይተሽ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጋር የመግቢያውን ጉዳይ ጨርሺ፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ሊማሊሞ ጠመዝማዛ ጥቂት ወርደሽ ተመለሺ። በጣሊያን ጊዜ የተቆረጠው ያ ቁልቁለት ፍሬን ለመፈተን የሚስተካከለው የለም። ሦስተኛው ቀን ሳንቃ በር፣ አራተኛው ጨነቅ። አምስተኛው ቀን ብስክሌቱን ጨነቅ ትተሽ በእግርሽ በሩ ድረስ ወጥተሽ ተመልሰሽ ጨነቅ ተኚ። ስድስተኛው ቀን በብስክሌት ውጪው። ሰባተኛው ወደ ደባርቅ፣ ስምንተኛው ወደ ቤት።

አምስተኛውን ቀን ትርፍ እንዳታደርጊው። ከፍ ብሎ ውሎ ዝቅ ብሎ ማደር ሰውነትን ያለማምዳል። በዚያ ላይ መንገዱን ለቁልቁለቱ ብለሽ ታጠኚዋለሽ፦ የትኛው መታጠፊያ ላይ ጠጠር እንደተከመረ፣ ውኃ የቦረቦረው ቦይ የት እንደሚያቋርጥ፣ የጭነት መኪና ቢመጣ የት እንደምትጠጊ። ከጨነቅ በሩ 580 ሜትር ያህል ከፍታ ነው። በሰዓት 250 ሜትር ከወጣሽ ከሁለት ሰዓት ትንሽ አለፍ ይላል። ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተሽ ፈጥነሻልና ቀዝቅዢ።

አብሮሽ ስለሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ፣ ስለ ስካውቱ፣ ቀድመሽ አስቢ። ፓርኩ ውስጥ ያለ ስካውት አይገባም፤ እሱ በእግሩ ነው፣ አንቺ በጎማ። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ብስክሌት መያዝሽን በግልጽ ተናግረሽ፣ እሱ በምን እንደሚከተልሽና የት እንደምትገናኙ ተስማሙ። አለዚያ ሳንቃ በር ላይ ሁለት ሰዓት ስትጠብቂው ትውያለሽ፤ እሱም ይቆጣል፣ እውነቱን ነው። ብስክሌቱ ከመኪና መንገድ አይውጣ። የእግር መንገዱ ለእግረኛና ለበቅሎ ነው፤ ጓሳውን ጎማ አንዴ ከሰነጠቀው ክረምት ሲመጣ ጎርፍ ይገባበታል።

አሁን ወደ ብስክሌቱ። ፊት ያለው ማርሽ 32 ጥርስ ከሆነ፣ ኋላ ትልቁ ፒኞን (ጥርሳሙ ክብ) 42 ይሁን። ፊቱ ባለ ሦስት ከሆነና ትንሿ 22 ከሆነች ኋላ 32 ይበቃል፤ እንዲያውም ይቀላል። ፍጥነትሽ በሰዓት ከ5 ኪሎ ሜትር በታች ሲወርድ ውረጂና ግፊው። በዚያ ፍጥነት ብስክሌቱ ላይ መንገዳገድ ትንፋሽ ያስጨርሳል እንጂ ቶሎ አያደርስም። ስትገፊ አንቺ በተራራው በኩል፣ ብስክሌቱ በገደሉ በኩል፤ ቢንሸራተት ለብቻው ይሂድ።

ጎማው ሁለት ኢንች ያህል ስፋት ይኑረው፤ ንፋሱ ኋላ 35፣ ፊት 30 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ይሁን። ከፍ ስትዪ የውጭው አየር ስለሚሳሳ ጎማው ይጠጥራል ይሉሻል። እውነት ነው፤ ግን ከባሕር ዳር እስከ በሩ ልዩነቱ 3 ፒኤስአይ ያህል ነው፣ ከዚያም ላይ ብርዱ መልሶ ይቀንሰዋል። ስለሱ አትጨነቂ።

የሚያስጨንቀው ፍሬን ነው። ዲስክ ፍሬን ከሆነ ሸራዎቹን አውጥተሽ እያቸው፤ የሚፋቀው ክፍል 1 ሚሊ ሜትር ከቀረው በአዲስ ቀይሪ፣ አንድ ጥንድ ትርፍም ያዢ። በገመድ የሚሠራ ከሆነ ሸራው እያለቀ ሲሄድ እጀታው ወደ መሪው ይጠጋል። ገመዱ ወደ ፍሬኑ የሚገባበት ላይ ያለችውን ጥርስ ያላት ብሎን በጣትሽ ወደ ውጭ ፍቺያት፣ ይመለሳል። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ሳትለቂ አትውረጂ፤ ሳያቋርጥ የተያዘ ፍሬን ይግላል፣ የጋለ ሸራ ይለሰልስና መያዝ ያቆማል፣ ሽታውም ይነግርሻል። ከመታጠፊያው በፊት ቀጥታው ላይ አጥብቀሽ ያዢ፣ መታጠፊያው ውስጥ ልቀቂ። ጠጠር ላይ ፊተኛውን በመታጠፊያ መያዝ መውደቅ ነው። በየአሥር ደቂቃው ቆመሽ አቀዝቅዢው፤ ዲስኩን ግን በእጅሽ እንዳትነኪ።

ጓንት ደግሞ ከፍሬኑ አይተናነስም። ከባሕር ዳር ይልቅ በሩ ላይ 15 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ በላብ ርሰሽ ስትወርጂ ነፋሱ ይጨመርበታል። የደነዘዘ ጣት ፍሬን አይጨብጥም። በሩ ላይ እንደደረስሽ፣ ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት፣ ደረቅ ካናቴራ ቀይረሽ ጃኬቱን ልበሺ።

ጎማ ስትለጥፊ የሚያበላሸው ችኮላ ነው። ካላማዳሪያውን፣ የውስጡን ጎማ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽተሽ ማስቲሹን በስሱ ቀቢና ጠብቂ። በጣትሽ ጀርባ ስትነኪው ካልያዘሽ ያኔ ልጣፊውን ጫኚ። ቆላ አምስት ደቂቃ የሚፈጀው ጨነቅ ብርድ ላይ ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ እርጥብ ሳለ የተለጠፈ መንገድ ላይ ይለቃል። ሁለት ትርፍ ካላማዳሪያ፣ የካቴና መፍቻና ሁለት የካቴና ማያያዣ ያዢ። ወድቀሽ የኋላው ማርሽ ለዋጭ ከተሰበረ ካቴናውን አሳጥረሽ በአንድ ፒኞን ላይ አስረሽ ትወርጃለሽ።

ለምግብ ምስርና ሽምብራ አትሸከሚ። በሩ አካባቢ ውኃ 86 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ጥራጥሬ ሳይበስል ጋዝሽ ያልቃል። ሽሮ ግን ዱቄት ስለሆነ ይሆንልሻል። ቀን በሶ በማር፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ። በጥቅምት አንድ አጥንት የተባለው እንዲህ ላለው ብርድ ነው፤ ደባርቅ ጥብስ ብዪ። የምንጭ ውኃ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ፤ በቀን ከሦስት ሊትር አታሳንሺ። የጨነቅ ቁራና ጭላዳ ክፍት የተተወ ቦርሳ አይምሩም። ማታ ስልክሽንና ፓወር ባንክሽን መኝታ ከረጢት ውስጥ ይዘሽ ተኚ፤ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል።

ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረሽ እዚያው ቆዪ፣ አትውጪ። እስከ ነገ ካልተሻለሽ ወይም ከባሰብሽ ውረጂ። ቀጥ ባለ መስመር ስትራመጂ ከተንገዳገድሽ፣ ወይም ተቀምጠሽ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ነው፤ እስከ ነጋ አይጠበቅም። የከፍታ ኪኒን የሚባለውን ሐኪም ሳያዝልሽ እንዳትወስጂ።

ስድስተኛው ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሺ። 5 ሰዓት ላይ በሩ ላይ ካልደረስሽ ካለሽበት ተመለሺ፤ ከቀትር በኋላ ደመናው ይሰበሰባል። ከበሩ ወዲያ ወደ ጃናሞራ ያለው ቁልቁለት ያጓጓል። የወረድሽውን ሁሉ መልሰሽ እንደምትወጪው አስቢና ከበሩ ተመለሺ። ራስ ደጀንን ለሌላ ጊዜ አቆዪው፤ በእግር ከበሩ ወደ መሽሃ ወንዝ 1,400 ሜትር ያህል ወርዶ እንደገና ወደ 4,550 የሚወጣ ነው።

የእረኛ ውሻ ሲመጣ አትሩጪ፤ ወርደሽ ብስክሌቱን በመካከላችሁ አድርጊና እረኛውን ጥሪ። ለመመለሻ ብስክሌቱን መኪና ጣሪያ ላይ ስታስጭኚ ማርሽ ለዋጩ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፤ ገመድ በፍሬን ዲስኩ ላይ አይለፍ፤ ሲታሰርም ራስሽ ቆመሽ እዪ።

አባትሽ